ታቃፊዋ ዶሮና የጫጩቶቿ ሁለት ወራት

በኢትዮጵያ ገጠር የዶሮ ዘር የሚተካው በእናት ዶሮ ክንፍ ሥር ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020/21 ባካሄደው የእንስሳት ሀብት ናሙና ጥናት በአገሪቱ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶሮ እንዳለ ገምቷል፤ ከ10ሩ ስምንት ያህሉ የሐበሻ ዶሮ ነው። ይህን ሁሉ ዶሮ ከዓመት ዓመት እየተካች የምታቆየው እንቁላሏን ታቅፋ የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቿን እየመራች የምታሳድገው የጓሮ ዶሮ ናት። መብራት አትፈልግም፤ ነዳጅ አትጠይቅም፤ የምትፈልገው ጨለም ያለ ጥግ፣ ጥቂት ጭድና ጥሬ ነው።

የዶሮ ሀብት ሲመዘን ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው በዓመት ስንት እንቁላል ጣለች የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን የሐበሻ ዶሮ ሁልጊዜ ተሸናፊ ናት። በገጠር አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል ተብላ የተዳቀለችው የፈረንጅ ዶሮ በጥሩ አያያዝ ከ280 ታልፋለች። ልዩነቱ በከፊል የመኖና የዘር ነው፤ በከፊል ግን የጊዜ ነው። የሐበሻ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ መጣሏን ታቆምና ሦስት ሳምንት ትታቀፋለች፤ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩት ታሳድጋለች። አንዱ ዙር ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዓመት ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዙር ብቻ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህ ጠባይ መወገድ ያለበት ጉድለት ነው ወይስ ሊጠበቅ የሚገባ ሀብት? የአገሪቱ የዶሮ ልማት ሥራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ወደ መጀመሪያው መልስ አዘንብሎ ቆይቷል። ማስረጃው ተሰብስቦ ሲታይ ግን ትልቁ ኪሳራ ያለው ዶሮዋ በታቀፈችባቸው 21 ቀናት ላይ አይደለም። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ውስጥ ነው።

መታቀፍ የሚጀምረው ከአንጎል ነው። ዶሮዋ እንቁላል እየጣለች ስትሄድና የተጠራቀመው እንቁላል ሆዷን ሲነካት፣ ከአንጎሏ ሥር ያለችው ዕጢ ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ታመነጫለች። ይህ ሆርሞን እንቁላል የሚያመርተውን አካሏን ያሳርፋል፤ የምግብ ፍላጎቷን ይቀንሳል፤ ፊቷም የቀድሞ ቅላቱን ያጣል። የደረቷ ላባ ሳስቶ ቆዳዋ ይገለጣል። በዚያ ቆዳ ሥር ደም ስለሚበዛ ሙቀቷ በቀጥታ ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል፤ እንቁላሉም 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። የመፈልፈያ ማሽን ሠሪዎች በሽቦና በቴርሞሜትር የሚጠብቁት ይህንኑ ሙቀት ነው።

የታቀፈች ዶሮ አጠገብ የቆመ ሰው ጠባይዋ እንደተለወጠ ወዲያው ያውቃል። ላባዋን ነፍታ ክንፏን ትከፍታለች፤ ታጉረመርማለች፤ እጁን የሰነዘረባትን ትነቁራለች። ከጎጆዋ የምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ጥሬ ትለቅማለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ አፈር ላይ ትንከባለላለች፣ ቀኑን ሙሉ ይዛው የቆየችውን ኩስ ጥላ ትመለሳለች። በምንቃሯ እንቁላሎቹን ደጋግማ ታገላብጣለች፤ ዳር ያሉትን ወደ መሐል፣ መሐል ያሉትን ወደ ዳር ታደርጋለች። ይህን ባታደርግ ሽሉ ከውስጠኛው ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ጫጩቱ በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል ያለውን የአየር ክፍል ቀድዶ መተንፈስ ይጀምራል። ያኔ ድምፁ ከቅርፊቱ ውጭ ይሰማል፤ እናቲቱም ዝቅ ባለ ድምፅ ትመልስለታለች። ከዚያ ምንቃሩ ጫፍ ላይ ባለችው ጠንካራ ነጥብ ቅርፊቱን እየቦረቦረ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ይህ ሥራ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በመሐሉ ሰው ቸኩሎ ቅርፊቱን ቢልጥለት ጫጩቱ ደም ፈስሶት ሊሞት ይችላል። ከመውጣቱ በፊት የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ ስለሚስብ ሁለትና ሦስት ቀን ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ስለዚህ ቀድመው የወጡት ሳይራቡ እናትየው የዘገዩትን ትጠብቃለች።

ይህ ሁሉ በኢትዮጵያ ምድር የቆየ ነገር ነው። ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ከአክሱም ዘመን በፊት በነበረ መንደር የተገኘ የዶሮ አጥንት አጥንተዋል። ጥናታቸው ዶሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ሺህ ዓመት ውስጥ ወደዚህ አካባቢ መድረሷን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ በደጋም በቆላም ዘሯን ይዛ የዘለቀችው ራሷ እየታቀፈች ነው።

በሌላው ዓለም ታሪኩ ሌላ መንገድ ያዘ። የግብፅ ሰዎች በጥንት ዘመን እንቁላል ያለ ዶሮ በሙቀት ይፈለፍሉ እንደነበር ዲዮዶሮስ የተባለው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን መዝግቧል። ከጭቃ ጡብ የተሠሩት ምድጃዎቻቸው ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔታሉማ በምትባል ከተማ የመፈልፈያ ማሽን ለገበያ መሠራት ጀመረ፤ የዶሮ እርባታም ኢንዱስትሪ ሆነ። ማሽን ካለ ዶሮዋ የምትታቀፍባቸው ሳምንታት ለአርቢው ባዶ ቀናት ናቸው። ስለዚህ የማይታቀፉት እየተመረጡ ተባዙ። ዛሬ ነጭ ሌግሆርን ለመታቀፍ ስትቀመጥ ማየት ብርቅ ነው። ጠባዩ በአንድ ዘረ-መል ብቻ የሚወሰን ስላልሆነ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ተዳክሟል።

ወደ ኢትዮጵያ እነዚህ ዝርያዎች በብዛት መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ በዓለማያና በጅማ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ነጭ ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድና ኒው ሃምፕሻየር መጡ፤ አውራ ዶሮና ቄብ ለገበሬው ታደለ። ከዚያ ቦቫንስ ብራውን፣ ኮኮክና ሳሶ ተከተሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ብዙ ቤቶች ውስጥ የታየው በሁለተኛው ዓመት ነው፦ የታደለችው ዶሮ ስታረጅ ወይም ስትሞት ምትክ አልነበራትም። ራሷ አትታቀፍም፤ ጫጩት የሚሸጥበት ቦታም ሩቅ ነው።

ገጠር ውስጥ ዶሮ በአብዛኛው የሴት ሀብት ነው፤ የማስታቀፍ ዕውቀትም በእናቶች እጅ ያለ ነው። ከሁሉም በላይ ሊከበር የሚገባው ይኸው ዕውቀት ነው። እናቶች ለማስታቀፍ ሰፊ ገላ ያላትን፣ ላባዋ የበዛውን፣ ከዚህ ቀደም ታቅፋ ያወጣችውን ይመርጣሉ፤ አዲስ ቄብ ብዙ አትታመንም። ጎጆው በእንቅብ፣ በአሮጌ ቅርጫት ወይም በጋን ገል ውስጥ ጭድ ተነጥፎ ይዘጋጃል፤ ልጆችና ሌሎች ዶሮዎች የማይረብሹበት ጨለም ያለ ጥግ ይፈለግለታል። እንደ ዶሮዋ ትልቅነት ከ10 እስከ 14 እንቁላል ይሰጣታል። ትንሹ፣ ቅርጹ የተበላሸውና የተሰነጠቀው ይለቀማል። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንሳፈፈው ያረጀ ነው ተብሎ ይጣላል፤ ይህ ልማድ ትክክል ነው፤ እንቁላል እየቆየ ሲሄድ በውስጡ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋልና።

ከዚህ ዕውቀት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ማስተካከያ ያስፈልጋል፤ እሱም የእንቁላሉ ዕድሜ ነው። የሐበሻ ዶሮ በየቀኑ ስለማትጥል 14 እንቁላል እስኪጠራቀም የመጀመሪያው ሦስት ሳምንት ሊሞላው ይችላል። እንቁላል ከተጣለ ከሳምንትና ከ10 ቀን በኋላ የመፈልፈል አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በሞቃት ቤት ደግሞ ቶሎ ይዳከማል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በተጣለበት ቀን ቅርፊቱ ላይ በከሰል ምልክት ማድረግ፣ ቀድሞ የተጣለውን መብላት ወይም መሸጥ፣ የቅርቡን ማስታቀፍ ነው። ብዙ ቤት እንደሚደረገው በጤፍ ወይም በስንዴ እህል ውስጥ ቀብሮ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ማቆየት ይረዳል። ዶሮዋ ከታቀፈች በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ ማየትም ይጠቅማል፤ ሕይወት ያለው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ይታይበታል፣ ዘር ያልያዘው ግን ጥርት ብሎ ያበራል።

እንዲህ ከተደረገ እናት ዶሮ ጥሩ ፈልፋይ ናት። በገጠር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከታቀፈችው እንቁላል ከ10ሩ ሰባት ወይም ስምንት ያህሉን ታወጣለች። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ከትንሽ ማሽን ይህን ያህል ማግኘት ቀላል አይደለም።

ወቅትም ወሳኝ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ አዝመራው ሲሰበሰብና ጥሬው በየአውድማው ሲፈስ ጫጩት የምትለቅመው አታጣም፤ ብርዱና ጭቃውም አይገድላትም። በመስከረም ተታቅፎ በጥቅምት የወጣ አውራ ለፋሲካ ገበያ ሊደርስ ይችላል። በጾም ወራት የእንቁላል ዋጋ ስለሚወርድ የተጠራቀመውን ለማስታቀፍ የሚመች ይመስላል፤ ሆኖም ከዐቢይ ጾም እንቁላል የሚወጡት ጫጩቶች ብዙ ጊዜ ከዝናቡና ፈንግል ከተባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ጋር ይገናኛሉ።

እንዳትታቀፍ የሚፈለግበት ጊዜ እንዳለ አይካድም። በቂ ዶሮ ላለው፣ እንቁላል ለመሸጥ ለፈለገ ቤት የታቀፈች ዶሮ ኪሳራ ናት። ለዚህ የሚደረገው ነገር ግን አንዳንዴ ያሳዝናል። ዶሮዋን እግሯን አስሮ ቁልቁል መስቀል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ መውጋት በአገሪቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ተመዝግቧል። ጎረቤት ቤት ወስዶ ጥቂት ቀን ማቆየትም አለ፤ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ጠባዩን የሚያቆየው ጎጆው፣ ጨለማውና ሙቀቱ ስለሆነ እነዚህን መንሳት ይበቃል። ጭድ በሌለው፣ ከሥሩ አየር በሚያስገባ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ በብርሃን ቦታ፣ መኖና ውሃ ሳይጓደልባት ሦስት አራት ቀን ብትቆይ አብዛኛውን ጊዜ ትተወዋለች። ላባውና መስቀሉ ሕመም ብቻ ነው፤ ሊቀር ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንሂድ። በኢትዮጵያ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ የሚያሳዩት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ እንዲህ ይመጣል፦ አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል ታቀፈች፣ 9 ጫጩት አወጣች፣ በስምንተኛው ሳምንት የቀሩት አራት ወይም አምስት ናቸው። ከእነዚህ ግማሹ አውራ ነው። ሦስት ወር የተደከመበት ዙር ለነገ እናት የምትሆን ሁለት ቄብ ብቻ ሰጠ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድም ተጨማሪ እንቁላል ሳይጣል ሰባት ጫጩት ማትረፍ ቢቻል የቤቱ ትርፍ በግማሽ ያድጋል። እንቁላል እንድትጨምር ከመጨነቅ በፊት የወጣውን ጫጩት ማትረፍ ይቀድማል የሚባለው ለዚህ ነው።

እናትየው የምትችለውን ታደርጋለች። ሌሊት ክንፏ ሥር ታሞቃቸዋለች። ጥሬ ስታገኝ በተለየ ድምፅ እየጠራች ታነሳዋለች፣ ትጥለዋለች፣ ያኔ ጫጩቶቹ ይሻማሉ። ክሪስቲን ኒኮልና ስቱዋርት ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት እናት ዶሮ ጫጩቶቿ የማይሆን ምግብ የሚበሉ ሲመስላት ወደ ደህናው ምግብ አጥብቃ እንደምትጠራቸው አሳይተዋል። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ጫጩቶቿ ላይ የአየር ግፊት ሲነፋ የእናትየው የልብ ምት እንደሚጨምር፣ ንቁ ሆና እየተጣራች እንደምትቆም መዝግቧል። የመንደር ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል፤ ጭልፊት ሰማዩ ላይ ስታንዣብብ አንዲት ድምፅ ታሰማለች፣ ጫጩቶቹ ቁጥቋጦ ሥር ወይም ክንፏ ሥር ይገባሉ። በዚህ ረገድ በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት የሚያስተምረው የለውም።

ነገር ግን ጭልፊት ሁሌ አትሳትም። ሸለምጥማጥ በሌሊት ይመጣል። ዝናብ ድንገት ይይዛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፈንግል ነው፤ በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ አንድ ጊዜ መንደር ከገባ እናትንም ጫጩትንም ጠርጎ ይሄዳል። በዚህ ላይ የእናት ክንፍ አቅም የለውም፤ የሰው እጅ መግባት ያለበት እዚህ ነው።

በአገር ውስጥ የተፈተኑ መንገዶች አሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ ለገጠር ቤት ብለው የጫጩት ማሞቂያ ሣጥን አጥንተዋል። የሣጥኑ ግድግዳ በጭድ ስለሚሸፈን ሙቀት አያመልጥም፤ እሳትም መብራትም አያሻውም፤ ጫጩቶቹ የሚሞቁት በራሳቸው ገላ ሙቀት ነው። ቀን ወጥተው በአጥር ውስጥ ይበላሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። ጫጩቶቹ ሣጥን ውስጥ ከገቡ እናትየው ነፃ ስለምትወጣ ሁለት ወር ሳትጠብቅ እንደገና መጣል ትጀምራለች። መታቀፍና እንቁላል የግድ ጠላት እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል፤ ጊዜ የሚበላው ማሳደጉ እንጂ መታቀፉ ብዙም አይደለምና።

ሣጥኑን መሥራት ያልቻለ ቤት ጫጩቶቹን ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከእናታቸው ጋር በትልቅ ቅርጫት ሥር ቢያቆይ ከጭልፊት ይገላገላል። የተፈጨ በቆሎ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ ምስጥ ከተገኘ ምስጥ፣ ንጹሕ ውሃ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ያስፈልጋል። ሁለት ወይም ሦስት ዶሮዎችን በአንድ ቀን ማስታቀፍም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጫጩቶቹ ሲወጡ በሌሊት ለአንዷ ተሰጥተው ሌሎቹ ወደ መጣላቸው ይመለሳሉ።

የፈንግል ክትባትን በተመለከተ አገሪቱ ባዶ እጇን አይደለችም። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ክትባቱን ያመርታል፤ ሙቀት የሚቋቋመው አይ-ቱ የተባለው ዓይነት ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር የተሻለ ነው። ዓይን ውስጥ አንድ ጠብታ ይደረጋል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላ ይደገማል። መሰናክሉ ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ መሆኑ ነው። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ክትባት በጓሮ ዶሮ ላይ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን የሚያደርገው ነው።

የተሻሻለ ዝርያስ? እዚህ ላይ ክርክሩ ከቀድሞው በስሏል። ኢትዮቺክን የተባለው የዶሮ እርባታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከተመሠረተ ወዲህ የአንድ ቀን ጫጩት በየአካባቢው ባሉ አሳዳጊዎች እየተከተበ ለአንድ ወር ተኩል ያህል አድጎ ለገበሬ የሚሸጥበት አሠራር ተስፋፍቷል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ጫጩት ማከፋፈልን አንዱ ሥራው አድርጓል። ይህ አሠራር አደገኛዎቹን ሳምንታት ከገበሬው ጫንቃ ላይ ስለሚያነሳ ትልቅ ጥቅም አለው፤ መንገድና ገበያ ባለበት ቦታ መስፋፋት ይገባዋል። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ግን ሳሶ ይዞ ታቃፊዋን መተው የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል ነው። እዚያ የሚሻለው የተሻሻለውን ዝርያ ዘር የያዘ እንቁላል ለሐበሻ ዶሮ ማስታቀፍ ነው፤ የማን እንቁላል እንደሆነ አትለይም፣ እኩል ታሳድጋለች።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የሆሮ ዶሮ ማሻሻያ የአገሩን ዝርያ ራሱን በምርጫ ለማሳደግ ያለመ ነው፤ በእንቁላልም በክብደትም ለውጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስተባባሪነት በኢትዮጵያ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደው ፕሮጀክትም ዝርያዎችን በገበሬው ጓሮ አወዳድሯል። እንዲህ ያለው ምርጫ እንቁላልን ብቻ ከተከተለ የሌግሆርን ታሪክ ይደገማል፤ የማትታቀፈዋ ሁሌ ብዙ ስለምትጥል ሳይታሰብ ትመረጣለች። ስለዚህ በመራጮቹ መዝገብ ውስጥ ከእንቁላል ቁጥር ጎን ሌላ ዓምድ መኖር አለበት፦ ስንት ጫጩት ለሁለት ወር አደረሰች?

ይኸው ጥያቄ ለግብርና ባለሙያውም ይጠቅመዋል። አንድ ቤት ሲገባ ስንት እንቁላል እንደተገኘ ከመጠየቁ በፊት ከመጨረሻው ዙር ስንት ጫጩት እንደቀረና ምን እንደገደላቸው ቢጠይቅ ምክሩ ቦታውን ያገኛል። ዶሮ ለማስታቀፍ ያሰበ ቤተሰብም እንቁላሉን ዛሬውኑ በከሰል ምልክት ያድርግ፤ ቅርጫቱን ጫጩቶቹ ሳይወጡ ያዘጋጅ፤ ለክትባቱም ከጎረቤቶቹ ጋር ቀን ይቁረጥ። ፈንግል ለያዛት ዶሮ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ክትባቱ የሚሠራው በሽታው መንደር ሳይገባ ከተሰጠ ብቻ ነው።